ስካኑ የልጃችሁን ጭንቀት ፎቶ አያነሳም፦ ሰሞኑን ለተዘዋወረው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ልጆች ጭንቀትና ስለ አንጎል ስካን የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከስድስት ሰው ተላከልኝ። አንዷ ታናሽ እህቴ ናት፣ "ያንቺ ስራ አይደል እንዴ፣ እስቲ አንብቢውና ንገሪኝ፣ ለልጁ ላሰራለት ወይስ ልተወው?" ብላ። አዎ ስራዬ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የኤምአርአይ ቴክኖሎጂስት ነኝ፣ ማለት ሰውን ከብረት ከብረቱ አራግፌ፣ አስተኝቼ ማሽኑ ውስጥ የማስገባው፣ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጬ "አትንቀሳቀስ እሺ የኔ ጌታ" የምለው። ዶክተር አይደለሁም፣ ቴራፒስትም አይደለሁም። ግን ለሪሰርች የሚመጡ ልጆችን ስካን ሳደርግ ብዙ ዓመት ስለሆነኝ ማሽኑ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ አውቃለሁ፣ ቀሪውን ደሞ ጥናቶቹን እያነበብኩ ነው ያገኘሁት።

ጽሑፉን ላላነበባችሁት፣ ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው፦ የልጅ ጭንቀት ስካን ላይ እንደተሰበረ አጥንት ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ስለዚህ ቴራፒ ሰራ አልሰራ የሚባለው ስካን ታይቶ ብቻ ነው፣ በንግግር ደሞ አንጎል አይቀየርም፣ የትኛው ልጅ መድኃኒት የትኛው ቴራፒ እንደሚያስፈልገው ስካኑ ይመርጣል፣ ሀገር ቤትም መጀመሪያ መግባት ያለበት ማሽኑ ነው፣ ባለሙያው ቀስ ብሎ ይደርሳል። መጨረሻ ላይ "ስካን ሳታሰሩ ቴራፒ አትጀምሩ፣ የጀመራችሁም ቆም አድርጉ" ይላሉ። እኔን ከተቀመጥኩበት ያስነሳችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት።

ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። መግቢያው ላይ እንደሚሉት ልጃቸው ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ እያለ ትምህርት ቤት አልሄድም ሲል፣ ዘመድ አዝማዱ "አሞላቃችሁት ነው"፣ "ዓይን ነው"፣ "ጠበል ውሰዱት" ሲላቸው ከርሟል። ለሳቸው ስካን ማለት "ይኸው፣ ውሸት አይደለም" ብሎ የሚያሳዩት ወረቀት ነው። ይገባኛል። እኔም እናት ነኝ። ግን ወረቀቱ የሚሉትን አይልም። ጽሑፉ ባለበት ቅደም ተከተል ልሂድ (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)።

"እንደተሰበረ አጥንት ቁልጭ ብሎ ይታያል"

አይታይም። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። ተራው ኤምአርአይ የአንጎልን ቅርጽ ያነሳል፣ ዕጢ ካለ፣ ደም ፈሶ ከሆነ፣ የተጎዳ ቦታ ካለ ያሳያል። ጭንቀት ግን እንደዚያ ተለይቶ የሚታይ ቅርጽ የለውም። ቴራፒ የሚያጠኑት ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙት ኤፍኤምአርአይ የሚባለውን ነው፣ ማሽኑ ያው ነው፣ አነሳሱ ነው የሚለየው። አንድ የአንጎል ክፍል ስራ ሲበዛበት ኦክስጅን የያዘ ደም ወደዚያ ይጎርፋል፣ ኦክስጅን የያዘና ያልያዘ ደም ደሞ ማግኔት ውስጥ ጠባዩ ይለያያል፣ ሴጂ ኦጋዋ የሚባለው ጃፓናዊ ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር 1990 ላይ ያሳየው ይሄንን ነው። እንግዲህ ማሽኑ የሚያየው ሀሳብን አይደለም፣ ፍርሃትንም አይደለም፣ የነርቭ ሴሎቹንም በቀጥታ አይደለም፣ ደሙን ነው። ያውም አምስት ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ፣ ያውም ለውጡ ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድ ምናምን ብቻ፣ ያውም አንጎሉ ከምስር ፍሬ አነስ በሚሉ ኩቦች ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዷ ኩብ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎች ታጭቀው።

ቀዩና ቢጫው ቀለምስ ትሉኛላችሁ። እሱን ኮምፒውተሩ ነው በኋላ የሚቀባው። ቀይ ማለት "እዚህ ጋ ያለው ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም" የሚል የስታቲስቲክስ ቁጥር ነው እንጂ እዛ ጋ የሚነድ ነገር ኖሮ አይደለም። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ስካኑ እንዳለቀ ልጇ ጫማውን ሲያስር ጠጋ ብላ በአማርኛ "እህቴ፣ እንደው ሐበሻ ነሽ፣ ደብቀሽ ንገሪኝ፣ ምን አየሽ?" አለችኝ። ሕጉ ስለማይፈቅድ ዝም ያልኩ መስሏት ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። እውነቱ ግን ምንም አላየሁም። እኔ ስክሪን ላይ የሚመጣው ግራጫ፣ ደብዘዝ ያለ፣ ሁለት ሰከንድ በሁለት ሰከንድ የሚቀያየር የአንጎል ቁራጭ ነው፣ የሷን ልጅ ከሌላው ልጅ አጠገብ አድርጋችሁ "የሚጨነቀው የቱ ነው" ብትሉኝ ሳንቲም ወርውሬ ነው የምመልስላችሁ። ፕሮፌሰሮቹም እንደዛው ናቸው። እነሱ መጽሔት ላይ የሚያወጡት ስዕል የብዙ ልጆች አማካይ ነው። የአንድ ክፍል ተማሪዎች አማካይ የጫማ ቁጥር 36 ነው ቢባል ሄዳችሁ ለልጃችሁ 36 ትገዛላችሁ? የሚጨነቁት ልጆች በአማካይ ከማይጨነቁት ይለያሉ፣ አንድ በአንድ ስታዩአቸው ግን ይደባለቃሉ፣ ከማይጨነቁት ውስጥ ከሚጨነቁት በላይ የሚያሳይ ልጅ ይገኛል፣ ተቃራኒውም ይገኛል።

ስለ ቀለሙ ካነሳን አይቀር የዓሣውን ነገር ልንገራችሁ። 2009 ላይ ክሬግ ቤኔት የሚባል አሜሪካዊ ሪሰርቸርና ጓደኞቹ አንድ የሞተ ሳልሞን ገዝተው ስካነር ውስጥ አስገቡና የሰዎች ፎቶ እያሳዩት "ይሄ ሰው ምን እየተሰማው ነው?" ብለው ጠየቁት። የሞተውን ዓሣ! ዳታው ላይ የሚያስፈልገውን እርማት ሳያደርጉ ሲያሰሉት አንጎሉ ውስጥ "የሰራ" ቦታ ተገኘ። በሺዎች የሚቆጠሩ ኩቦችን ለየብቻ ስትፈትሽ ጥቂቶቹ በዕድል ብቻ ቀይ ይሆናሉ፣ ነገርየው ይሄ ነው። 2012 ላይ ኢግ ኖቤል የሚባለውን የቀልድ ሽልማት ተሸልመውበታል። ቀልድ ይምሰል እንጂ ከዛ በኋላ እርማቱን ሳያደርግ የሚያሳትም ሰው መሸማቀቅ ጀመረ።

አሁን ደሞ ጸሐፊው ጭራሽ ያላነሱትን ነገር ላንሳ፣ እንቅስቃሴን። ልጅ ይንቀሳቀሳል። 2012 ላይ ሴንት ሉዊስ ያለው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ያሳዩት፣ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ የጭንቅላት እንቅስቃሴ እንኳን የአንጎል ክፍሎች እርስ በርስ ያላቸውን ግንኙነት አጣሞ እንደሚያሳይ ነው፣ ቅርብ ለቅርብ ያሉትን ከሚገባው በላይ የተያያዙ፣ ራቅ ራቅ ያሉትን የላሉ ያስመስላል። ሚያስደነግጠው ከዛ በፊት "የልጅ አንጎል ከአዋቂ የሚለየው በዚህ ነው" ተብሎ የታተመው ልዩነት ከፊሉ ይሄንኑ መምሰሉ ነው። ልጆች ከአዋቂ በላይ ስለሚንቀሳቀሱ ማለት ነው። እና አስቡት፣ የሚጨነቅ ልጅ ይቁነጠነጣል፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ያለበት ልጅ ይቁነጠነጣል፣ በሁለት ግሩፖች መካከል ያገኛችሁት "የአንጎል ልዩነት" የመቁነጥነጥ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የኔ ስራ ግማሹ ልጅን ማረጋጋት ነው። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትዝ ይለኛል፣ አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ ሳየው አባቱ "እሱ አይወልቅም" አለኝ ገና ሰላም ሳንባባል። ክሩ ምንም ችግር የለውም አልኩት፣ መስቀሉ ግን ብረት ስለሆነ ማግኔቱ አጠገብ አይገባም። ልጁ እንባው ቀረረ። አባቱ አሰበ አሰበና የመኪናው መስታወት ላይ ያንጠለጠላትን የእንጨት መስቀል አምጥቶ ክሩ ላይ አሰረለት፣ ገባን። ሴቶቹ ላይ ደሞ ሹሩባ ነው ጣጣው፣ ውስጡ የብረት ክር ያለው ዊግ ወይ ጫፉ ላይ ብረት ያለው ጨሌ ከሆነ መፈታት አለበት፣ ስንት ሰዓት ተቀምጣ የተሰራችውን ልጅ ፍቺው ማለት... ብቻ ተዉት። ከዛ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ የጆሮ መድፈኛ አርጎ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ የሚጨመቀውን የድንገተኛ ኳስ በእጁ ይዞ፣ ማሽኑ ድድድድ ጧ ጧ ጧ ሲል፣ እንደ ሐውልት ሁን ነው ጨዋታው። ያ ልጅ ስድስት ደቂቃ እንደ ሐውልት ተኛ፣ የእንቅስቃሴው መስመር ስክሪኔ ላይ እንደ ረጋ ውሃ ሆኖ ነበር፣ ልጨርስ ሃያ ሰከንድ ሲቀረኝ አባቱ ካጠገቤ ሆኖ በማይኩ "ጎበዝ ልጅ፣ ደህና ነህ አይደል?" አለው። ልጁም ጨዋ ነው፣ አባቱን ሲመልስ ራሱን ነቀነቀ። ሁለቴ። መስመሩ ተራራ ሰራ፣ እንደገና ከዜሮ።

አጥንት እንደዚህ አይነሳም።

"ቴራፒ መስራቱ የሚታወቀው ከስካን ብቻ ነው"

እዚህ ላይ ነገሩ ተገልብጧል። ሲቢቲ የሚባለው፣ ሀሳብንና ልማድን በልምምድ የሚቀይረው ቴራፒ ለሚጨነቁ ልጆች እንደሚሰራ ያረጋገጠው ትልቁ ጥናት 2008 ላይ የወጣው ነው፣ ካምስ ይሉታል ባጭሩ፣ ከ7 እስከ 17 ዓመት ያሉ 488 ልጆች፣ 12 ሳምንት፣ በዕጣ አራት ቦታ ተከፍለው። በጣም ተሻሽለዋል የተባሉት፣ ቴራፒና ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት አንድ ላይ ካገኙት 80.7 በመቶ፣ ቴራፒ ብቻ 59.7፣ መድኃኒት ብቻ 54.9፣ የውሸት ክኒን የወሰዱት 23.7 በመቶ ነበሩ። ይሄ ሲወሰን ማንም ስካን ላይ አላፈጠጠም። የሚገመግሙት ባለሙያዎች ልጁ ምን እንዳገኘ አያውቁም፣ ልጁንና ወላጁን ያናግራሉ፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል ወይ፣ ይተኛል ወይ፣ ምን ያህል ይሸሻል ብለው ነው ነጥብ የሚሰጡት።

የውሸት ክኒኗን ደሞ ልብ በሉልኝ። ከአራት ልጅ አንዱ ገደማ በባዶ ክኒን ተሽሎታል። ስለዚህ ጸሐፊው እንደሚመክሩት አንድ ልጅን ከቴራፒ በፊት አንዴ፣ በኋላ አንዴ ስካን አርጋችሁ ልዩነት ብታገኙ፣ ቴራፒው ነው? ጊዜው ነው? ልጁ ሦስት ወር አድጎ ነው? ወይስ (ይሄንን በዓይኔ ስለማየው ነው) መጀመሪያ ቀን ማሽኑን ራሱን ፈርቶት ስለነበር ነው? የሚጨነቅ ልጅ መጀመሪያ ሲመጣ ያቺን ቀዳዳ ሲያያት ፊቱ ይለዋወጣል፣ ሁለተኛ ሲመጣ "ዛሬስ የትኛው ፊልም ነው?" ብሎኝ ራሱ ይተኛል። ያንን ልዩነት የቴራፒ ውጤት ብላችሁ ልትጽፉት ነው እንዴ? የሚነጻጸር ሌላ ግሩፕ ከሌለ አይለይም።

ሚዛኑ ራሱም ያጠራጥራል። 2020 ላይ የተለያዩ ጥናቶችን ሰብስቦ የተሰላ ስራ ወጥቶ ነበር፣ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ስካን ስታደርጉት ሰውየው የሆነ ስራ ተሰጥቶት እየሰራ የሚነሱት እንደነዚህ ያሉት ስካኖች ውጤት ለዛው ሰው ምን ያህል ይደጋገማል የሚል፣ አንድ ማለት ፍጹም ከሆነ መልሱ 0.4 ገደማ ነው። በርበሬ ስትገዙ መጀመሪያ አንድ ኪሎ ያለ፣ እዛው መልሳችሁ ስታስቀምጡት ስድስት መቶ ግራም የሚል ሚዛን ቢሆን ሻጯን ምን ትሏት ነበር? ለግሩፕ አማካይ ስሕተቱ ይቻቻላል፣ ለአንድ ልጅ ግን ዋጋ የለውም።

ጸሐፊው እንደ ዋና ማስረጃ ያቀረቡት በ2024 ከዚሁ ከኛ ሰፈር የወጣውን ጥናት ነው፣ ቤተስዳ ያለው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ኢንስቲትዩት የሰራውን፣ ሐበሻ ከሞላበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ግን ግማሹን ነው የነገሩን። 69 የጭንቀት ሕመም ያለባቸው፣ መድኃኒት የማይወስዱ ልጆች፣ ጭንቀት ከሌለባቸው 62 ልጆች ጋር ተነጻጸሩ፣ ልጆቹ ስካነር ውስጥ ሆነው የተቆጣ ፊትና ዝም ያለ ፊት እያዩ ቁልፍ ይጫናሉ። ከቴራፒ በፊት የሚጨነቁት ልጆች ብዙ የአንጎል ክፍላቸው ከሌሎቹ በላይ ይሰራል። ከ12 ሳምንት ሲቢቲ በኋላ ልጆቹ ተሻላቸው፣ የፊተኛውና የላይኛው የአንጎል ክፍላቸው፣ ትኩረትና ስሜትን መቆጣጠር ላይ የሚሰራው፣ ከማይጨነቁት ጋር እኩል ወይ ዝቅ አለ። እስከዚህ ጸሐፊው ነግረውናል። የዘለሉት፣ ስምንት ቦታዎች፣ ፍርሃት ላይ ትልቅ ድርሻ ያለው የቀኙ አሚግዳላ ጨምሮ፣ ከቴራፒ በኋላም እንደከፍታቸው ቆዩ።

እንግዲህ በጸሐፊው አካሄድ እንሂድ ካልን፣ ትምህርት ቤት የተመለሰ፣ ማታ ብቻውን የሚተኛ፣ እናቱ "ልጄ ተመለሰልኝ" የምትለው ልጅ ቢኖር፣ አሚግዳላው ስላልወረደ "አልዳነም" ልንለው ነው? ለኔ የጥናቱ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። ተመሳሳይ ከፍታ፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ፈሪና ቁጥብ ጠባይ ያላቸው፣ ለጭንቀት የተጋለጡ ናቸው በሚባሉ ልጆች ላይም ታይቷል። ስለዚህ ቴራፒው የሚያስተካክለው ልጁ ፍርሃቱን የሚይዝበትን መንገድ ሆኖ፣ ፍርሃቱ የሚነሳበት ቦታ ግን ብዙም ሳይነካ ይቀር ይሆናል፣ ቴራፒ ጨርሰውም ጭንቀቱ የሚመለስባቸው ልጆች ለምን እንደሚመለስባቸው ፍንጭ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ መጠይቅ ሞልታችሁ አታገኙትም፣ ስካን ያስፈልገዋል። እኔም ቅዳሜ ጠዋት ተነስቼ የሰው ልጅ ሐውልት ሁን የምለው ለዚህ ነው እንጂ ለአንድ ልጅ ሰርተፍኬት ለመስጠት አይደለም።

"በንግግር አንጎል አይቀየርም፣ ሲቢቲ ምክር ነው"

ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ጥናት አለ። 1992 ላይ ሎስ አንጀለስ ያለው ዩሲኤልኤ ውስጥ፣ ኦሲዲ (ሀሳብ እየተመላለሰ አንድን ነገር እንዲደጋግሙ የሚያስገድድ ሕመም) ያለባቸው አዋቂዎች ከፊሎቹ ፍሉኦክሲቲን የሚባለውን መድኃኒት ከፊሎቹ የባህርይ ቴራፒ ብቻ ወስደው፣ አንጎል ምን ያህል ስኳር እንደሚጠቀም በሚያሳየው በፔት ስካን ሲታዩ፣ የተሻላቸው ሰዎች አንጎል ውስጥ ኮዴት የሚባለው ቦታ የስኳር አጠቃቀሙ በሁለቱም መንገድ ቀንሶ ተገኘ። ትንሽ ጥናት ነው፣ አዋቂዎች ናቸው፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ እሱንም ይመለከተዋል። ግን "አይቀየርም" ለሚል ሰው ይሄንን አለማንሳት ይከብዳል። እንዲያውም ቋንቋ መማርም ብስክሌት መልመድም አንጎል ይቀይራል፣ ልምምድ ካልቀየረው ምን ሊቀይረው ነው።

ትልቁ ስሕተት ግን "ምክር" የምትለዋ ቃል ናት። ሲቢቲ ልጅን አስቀምጦ "አይዞህ አትፍራ" ማለት አይደለም፣ እሱንማ አያቱም ትለዋለች። ዋናው ስራ መሰላል ነው። ውሻ የሚፈራ ልጅ እንበል፣ እዚህ ሀገር ደሞ ጎረቤቱ ሁሉ ውሻ አለው። ቴራፒስቷና ልጁ ተቀምጠው ከሚያስፈራው ትንሹን ከታች፣ ትልቁን ከላይ አርገው ይጽፋሉ፣ የውሻ ስዕል ማየት፣ ቪዲዮ ማየት፣ ከመንገዱ ማዶ የታሰረ ውሻ ቆሞ ማየት፣ ከዛ አጥሩ ጋ፣ ከዛ ጀርባውን አንዴ መንካት። እያንዳንዷ ደረጃ ላይ ፍርሃቱ ሲመጣ አይሸሽም፣ ይቆያል፣ ይነክሰኛል ብሎ የጠበቀው ነገር አለመድረሱን ራሱ ያየዋል። የሚገርማችሁ እኛም ሳናውቀው ይሄንኑ ነው የምንሰራው። እውነተኛው ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማግኔት የሌለው የውሸት ስካነር አለን፣ ልጁ መጀመሪያ ዙሪያውን ያያል፣ ከዛ አሻንጉሊቱን ያስተኛል፣ ከዛ እሱ ይተኛል፣ ከዛ የተቀዳውን ድምፅ ቀስ አርገን እንከፍታለን፣ ከዛ እውነተኛው። መሰላል ነው በቃ።

ወላጆች ይሄንን ደግሞ ያዙልኝ፣ ምክንያቱም እኛ ሐበሾች ላይ ይብሳል። ልጁ ሰው ሲያናግረው እናት ትመልስለታለች፣ ብቻውን መተኛት ሲፈራ መሀል ይገባል፣ ግብዣ ሲፈራ "ተዉት አታስጨንቁት" ይባላል። ከፍቅር ነው፣ ግን ጭንቀቱን ይመግበዋል። አሜሪካ ያለው ዬል ዩኒቨርሲቲ 2020 ላይ ያሳተመው አንድ ጥናት ነበር፣ ከ7 እስከ 14 ዓመት ያሉ 124 ልጆች፣ ግማሾቹ ራሳቸው ሲቢቲ ወሰዱ፣ የሌሎቹ ግን ወላጆቻቸው ብቻ ናቸው የሰለጠኑት፣ ልጁን እየደገፉ ግን ለጭንቀቱ መታዘዝ መተው እንዴት እንደሚቻል። ልጁ ራሱ ቴራፒ ሳይወስድ ውጤቱ ከሲቢቲው አላነሰም። ለእህቴ መጀመሪያ የላኩላት ይሄንን ነው።

"ስካኑ መድኃኒት ወይስ ቴራፒ ብሎ ይመርጣል"

አንድ ቀን ይመርጥ ይሆናል። ተስፋ የሚሰጡ ትናንሽ ጥናቶች አሉ፣ ለምሳሌ 2013 ላይ ሰው ፊት መሆን የሚያስጨንቃቸው 39 አዋቂዎች ከሲቢቲ በፊት ስካን ተደርገው ማን እንደሚሻለው መገመቱን ስካኑ አሻሽሎት ነበር። 39 ሰው፣ አዋቂ፣ ልጅ የለበትም። 2022 ላይ ኔቸር መጽሔት ላይ የ50,000 ሰው ገደማ ስካን አንድ ላይ አይተው ያወጡት ስራ ደሞ፣ የሰዎችን አንጎል ከጠባያቸውና ከሕመማቸው ጋር ለማገናኘት በሺዎች የሚቆጠር ሰው እንደሚያስፈልግ፣ የተለመደው ጥናት ግን 25 ሰው አካባቢ እንደሆነ አሳየ። (ለፍትሕ ያህል፣ ያ ስራ አንድን ልጅ ከራሱ ጋር በፊትና በኋላ የሚያነጻጽሩ ጥናቶችን በቀጥታ አይመለከትም፣ እነሱ ባነሰ ሰው ሊሰሩ ይችላሉ።) ኤቢሲዲ የሚባለው የአሜሪካ ጥናት ከ11,800 በላይ የ9 እና የ10 ዓመት ልጆችን በ21 ቦታ መዝግቦ እያሳደገ የሚከታተለው አንዱ ለዚህ ነው። እስከዛው የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር አቋም ግልጽ ነው፣ ለአእምሮ ሕመም ምርመራ ክሊኒክ ውስጥ የሚያገለግል የስካን ምልክት ገና የለም።

ስካኑ "ምንም ጉዳት የለውም" ያሉትን በአንድ መስመር ልለፈው፦ ኤምአርአይ ጨረር የለውም፣ ልክ ናቸው፣ ግን ጽሑፉ መሀል ላይ ያደነቁት የግል ክሊኒኮች የሚሰሩት ስፔክት የሚባል ሌላ ዓይነት ስካን ነው፣ እሱ በደም ስር ራዲዮአክቲቭ ነገር ተወግቶ ነው፣ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፣ ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ አይከፍለውም። ሁለቱን "ስካን" ብሎ አንድ ከረጢት ውስጥ መክተት ልክ አይደለም።

"ሀገር ቤት መጀመሪያ ማሽኑ ይግባ"

ለዕጢ፣ ለስትሮክ፣ ለሚጥል በሽታ ይግባ፣ ይብዛ፣ እሰየው ነው። ለልጅ ጭንቀት ግን ምን ሊሰራ? ማግኔቱ በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ቀዝቅዞ ቀንና ሌሊት መቆየት አለበት፣ የሚያቀዘቅዘው ደሞ መብራት ይፈልጋል። መሰላሏን ለመጻፍ ወረቀትና እርሳስ ነው የሚያስፈልገው፣ እና ሳምንት በሳምንት ከልጁ ጋር የሚቀመጥ የሰለጠነ ሰው። ሰው ማሰልጠን ይቻላል ወይ ለሚል፣ ጉራጌ ውስጥ ሶዶና አካባቢው ጤና ጣቢያ ላይ ያሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሰልጥነው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን አዋቂዎች ሲከታተሉ ውጤታቸው ከሳይካትሪ ነርስ ክትትል ያላነሰ መሆኑ በጥናት ታይቷል። አዋቂዎች ናቸው፣ የልጅ ጭንቀት አይደለም፣ ግን ከየት መጀመር እንደሚቻል ያሳያል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ "የአንጎል ችግር መሆኑ ከታወቀ ነቀፋው ይቆማል" ያሉት። ግማሹ ልክ ነው። 2013 ላይ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ሕመሙ የአንጎል ወይ የዘር ነው የተባለ ሰው ባለሕመሙን መውቀስ ይቀንሳል፣ ግን "አይድንም" ብሎ ማሰቡም ይጨምራል። ይሄንን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ካልሲዋን እያወለቀች ለእናቷ በእንግሊዝኛ፣ ብሬይኔ ነው የተበላሸው፣ እኔ ምን ላድርግ፣ አለቻት። እናቷ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ፣ ስራዬ አይደለምና፣ ግን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ብዙ ሳልነሳ ተቀመጥኩ።

ለጸሐፊው አንድ ነው የምጠይቃቸው። ስለ አሚግዳላውና ስለ ሀገር ቤቱ ብንከራከር ምንም አይደለም፣ እኔንም የሚያርመኝ ካለ ደስ ይለኛል። ግን "የጀመራችሁም ቆም አድርጉ" የምትለዋን መስመር ዛሬውኑ ያውጧት። መሰላሉ መሀል ላይ የቆመ ልጅ፣ ገና አጥሩ ጋ የደረሰ ልጅ፣ ወላጁ ስካን ቀጠሮ እስኪያገኝ ብሎ ካስወረደው እንደገና ከስዕሉ ነው የሚጀምረው። እህቴ ልጁን ቴራፒ ካስጀመረችው ሰባተኛ ሳምንቱ ነው፣ ጽሑፉን ባነበበች ማግስት የነበረውን አፖይንትመንት ልትሰርዝ ስልኩን አንስታ ነበር። ሐሙስ ወሰደችው።